የእምዬን ግቢ የከፈለው ግንብ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ጎንደር፣ ወላጆቼ ቤት ሄጄ ነበር። መንገዱ ይሰፋል ተብሎ የድሮው የዳር አጥር ፈርሷል፤ አዲሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እየተሠራ ነው። ከአጥሩ ጋር የማድ ቤቱ ግድግዳም ተነክቶ ስለነበር ሠራተኞቹ ለምርጊት የሚሆን ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተው በሩ አጠገብ ትተውታል። ገና ከባጃጁ ስወርድ ሽታው ተቀበለኝ። ጭቃ ከጭድ ጋር ሲሰነብት እንደ ቆየ ሊጥ ይኮመጥጣል፤ ከሥሩ ደግሞ የበረት ሽታ አለው። ለማያውቀው ሰው ደስ አይልም። እኔ ግን ቦርሳዬን እንደያዝኩ ግቢው መካከል ያለው አጭር ግንብ ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

ያ ግንብ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። ከመንገዱ በኩል አንሥቶ እስከ አያቴ የእምዬ ቤት ድረስ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ጌሾና ጤና አዳም ተተክሎበታል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲያርፍበት ሰው ይቀመጥበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ሸጋ አድርጋችሁ አሳመራችሁት!» ይላል። አባቴ አመስግኖ ያልፋል። ግንቡ ግቢ ለማሳመር የተሠራ አልነበረም።

ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ምንም ዓይነት አጥር አልነበረም። ከውጭ ዙሪያውን ቅንጭብ ታጥሯል። ወተቱ ዓይን ያጠፋል እየተባልን ስላደግን እኔና የአክስቴ ልጅ ሰብለ አጠገቡ ስናልፍ ዓይናችንን በእጃችን እንሸፍን ነበር። በቀኝ በኩል የእኛ ቤት፣ በግራ በኩል የአክስቴ የየሺ ቤት ነው። ከሁለቱ ኋላ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ የእምዬ አንድ ክፍል ቤት አለች። እምዬ የአባቴና የአክስቴ እናት ናት። በሯ ደፍ ላይ ስትቀመጥ የመንገዱ በር ፊት ለፊት ይታያታል፤ አንገቷን ሳታዞር የሁለት ልጆቿን ቤት ታያለች። የውኃው ቧንቧ በእኛ በኩል፣ የእንጨቱ መከመሪያ በአክስቴ በኩል ነበር። እኔና ሰብለ ደግሞ ምሳ ቀድሞ በደረሰበት ቤት እንበላለን።

ጠቡን ያመጣው የአክስቴ ባል የደምሌ መኪና ነው። ደምሌ አይሱዙ የሚነዳ፣ ወደ መተማ የሚመላለስ ሰው ነበር። መንገድ ላይ ማሳደሩ ስላሰጋው የግቢውን በር አስፍቶ መኪናውን ወደ ውስጥ ሊያስገባ አሰበ። ለዚህ ደግሞ ከቅንጭቡ ጥቂት፣ ከእምዬ ጌሾ ደግሞ አንድ ረድፍ መነሣት ነበረበት። አባቴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ የሚሰፋ፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን ጎረቤት ባለበት፣ ይህ ያባቴ ግቢ ነው፣ እንግዳ ሰው በር አያሰፋም አለ። ሰብለ የተወለደችው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው፤ ደምሌም የእምዬን ጣሪያ በየክረምቱ እየወጣ የሚጠግን ሰው ነበር። «እንግዳ» የምትለዋን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ አክስቴ መጥታ ግቢው ይከፈል አለች።

እናቴና አክስቴ እስከዚያ ድረስ እንደ እኅትማማቾች ነበሩ። እማዬ ቧንቧው አጠገብ ባልሽን ምከሪው አለቻት፤ አክስቴ አንቺም ያንቺን ምከሪ አለቻት። ከዚያ ወዲያ ሲተላለፉ እያየኋቸው አይነጋገሩም። እኔ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እምዬን ሲጠይቋት፣ ልጆቼ ከተስማሙ እኔ ምን እላለሁ አለች። ልጆቿ የተስማሙት በመለያየቱ ብቻ ነበር። መስመሩ ከመንገዱ ተነሥቶ መሃል ለመሃል ሲመጣ የእምዬን ቤት ፊት ለፊት ነካው፤ በበሩና በመስኮቱ መካከል። በሩ ወደ እኛ፣ መስኮቱ ወደ አክስቴ ደረሰ። የድሮው የግቢ በር ተዘግቶ እያንዳንዱ ወደ መንገዱ የየራሱን በር እንዲከፍትም ተባለ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንደኛው የእምዬ ቤት ግንቡ ውስጥ ይገባል ሲል እኔና ሰብለ ሰማን። እኛ የገባን እምዬን ግንቡ ውስጥ አስገብተው በድንጋይ ሊዘጉባት እንደሆነ ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ሮጥንና አስጠነቀቅናት። እምዬ አልሳቀችብንም። ሁለታችንንም ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ «ቤቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ የኔ ዓለም» አለች።

ግንበኛው አያ ብሩ የሚባል የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነበር። ጥቁር ድንጋይ በመኪና እየመጣ ግቢው ውስጥ ተራገፈ። የጭቃው ጉድጓድ የተቆፈረው በእኛ በኩል ነው፤ ጭዱ እየተነሰነሰ፣ በእግር እየተረገጠ ተቦካና እንዲሰነብት ተተወ። ያን ሰሞን እንጀራውም፣ ደብተሬም፣ የትራሴ ጨርቅም እሱን የሚሸቱ ይመስለኝ ነበር። አያ ብሩ ከመንገዱ እስከ እምዬ ቤት ሲባጎ ወጠረ። እኔና ሰብለ ሲባጎውን እየዘለልን ስንጫወት ዋልን። እየቆየ ድንጋዩ ጉልበታችን ደረሰ፤ እሱንም ዘለልነው። ወገባችን ሲደርስ እየተደጋገፍን ወጣነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰብለ ፀጉር ብቻ ይታየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ብቻ ቀረ።

ግንቡ ገና ወገብ ላይ ሳለ እምዬ ምርኩዟን ይዛ ከቤቷ ወጣች። አባቴ ድንጋይ እያቀበለ ነበር። እሷ ቆማ ወዲያና ወዲህ ያለውን ግቢ አየችና አያ ብሩን ጠየቀችው።

«አንተ ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ ድንኳኑን በየት በኩል ይተክሉታል?»

አያ ብሩ እጁን ከጭቃው አወጣ። ቆቡንም አወለቀ። አባቴ ያቀፈውን ድንጋይ ሳያስቀምጥ፣ «ምነው እምዬ፣ አሁን እሱን ምን አመጣው?» አላት።

«ግቢው ቢጠብብኝ ነው» አለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ያየሁት ድንኳን አንድ ብቻ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር የተተከለው። ስለዚህ እምዬ ድግስ እያሰበች መሆኑን ወዲያው ገመትኩ። ለሰብለ በግንቡ ላይ አንገቴን አስግጌ እምዬ ትልቅ ድግስ ልትደግስ ነው፣ ድንኳን አዛለች አልኳት። ሰብለ አዲስ ጫማ ይገዛልን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም ይገዛልናል አልኩ። አባቴ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላም። ደክሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ አለቀ። አናቱ ላይ ሲሚንቶ ተለቅልቆ የጠርሙስ ስባሪ ተሰካበት። ይህን ያዘዘው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አባቴ ደምሌ ነው ይላል፣ ደምሌ አባትሽ ነው ይለኛል። ለእኔ ከግንቡ ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። አረንጓዴም ቡናማም ጠርሙስ ነው፤ ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በእኛ ግድግዳ ላይ ባለ ቀለም ብርሃን ይረጫል። ግንቡ ሰውን እንዳያስከፋ ብለው ጌጥ ያደረጉለት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ውኃ በቢጫ ጀሪካን ከሩቅ ማስመጣት ጀመረች። የእኛ ቧንቧ ውኃ በመጣ ቀን እማዬ ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ እያየች ትቆማለች፤ ወደ ግንቡ ትመለከታለች፤ ከዚያ ትዘጋዋለች። እምዬ ደግሞ ምሳ ሁለት ጊዜ ትበላ ነበር። እማዬ በበሩ ይዛላት ትገባለች። ጥቂት ቆይቶ አክስቴ መስኮቱን ታንኳኳና በብረቱ ፍርግርግ መካከል ሳሕን ታቀብላታለች። እምዬ ከሁለቱም ትቀምሳለች፤ አንዷ ስትጠይቃት ሌላዋ እንዳበላቻት አትናገርም። እኔ አጠገቧ ሆኜ ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ሁለት ምሳ የሚበላ ሰው እንዴት ከቀን ወደ ቀን እየከሳ እንደሚሄድ ይገርመኝ ነበር።

ጥምቀት ሲደርስ ሌላ ጊዜ ሁላችንም በአንድ በር፣ እምዬን አስቀድመን ነበር የምንወጣው። ያን ዓመት እኛ በእኛ በር፣ እነ ሰብለ በእነሱ በር ወጣን። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁለት ቤተሰብ ሆነን በየዳሩ ተጓዝን። እምዬ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ቀረች። የሆታው ድምፅ ከታች ሲሰማ እሷ ብቻዋን ደፏ ላይ ተቀምጣ ግንቡን እያየች እንደ ነበር ያወቅሁት ነጠላዬን ረስቼ ስመለስ ነው። ፊት ለፊቷ የነበረው የመንገዱ በር ተዘግቶ አይታያትም። ፊቷ ያለው ድንጋይ ብቻ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ፣ በአንድ የቅዳሜ ጠዋት፣ አባቴ ሥራ፣ እማዬ ገበያ ሄደዋል። ግንቡ ከተሠራ ወዲህ እማዬ ስትወጣ የግቢያችንን በር በውጭ በኩል በቁልፍ መዝጋት ለምዳለች። እኔን ከእምዬ እንዳልርቅ አዝዛኝ ነበር፤ ቧንቧው አጠገብ የትምህርት ቤት ልብሴን አጥባለሁ። እምዬ ቤቷን ስትጠርግ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ዝም አለ።

ጥቂት ቆይቶ አክስቴ መስኮቱን ስታንኳኳ ሰማሁ። እናቷን ደጋግማ ጠራቻት። ከዚያ እኔን ጠራችኝ።

«ሰናይት! ነይ፣ በሩን ክፈቺው! እምዬ ወድቃለች!»

ሮጬ በሩን ገፋሁት፤ ትንሽ ተከፈተና ቆመ። እምዬ የወደቀችው በሩ ሥር ነው። በክፍተቱ የቀሚሷ ጫፍና አንድ እግሯ ይታየኛል። እየገፋሁ እንዳላሳምማት ፈራሁ፤ ትቼ እንዳልሄድ ፈራሁ። አክስቴ በመስኮቱ ሁሉንም ታያለች፤ ግን ፍርግርጉ እጅ እንጂ ሰው አያሳልፍም። ወደ መንገድ ሮጣ በራችንን ስትደበድብ ሰማኋት። ቁልፉ እምቢ አላት። ደምሌ መኪናውን ይዞ ከወጣ ሰንብቷል። ጎረቤት ጠርታ ጮኸች፤ መልስ ሳትጠብቅ ግን ተመልሳ ገባች።

ከግንቡ ወዲያ በርሜል ሲንከባለል ሰማሁ። ቀና ስል የአክስቴ ነጠላ ጠርሙሱ ላይ ሲወረወር፣ ቀጥሎም ሁለት እጆቿ ነጠላው ላይ ሲያርፉ አየሁ። አክስቴ ወፍራም፣ ክብሯን የምትጠብቅ ሴት ነበረች፤ ስትሮጥ እንኳን አይቻት አላውቅም። ግንቡ አናት ላይ በደረቷ ተኛች። ነጠላው ወዲያው ቀላ። አንድ እግሯን አሻገረች፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ በእኛ በኩል ጌሾው ላይ ወደቀች። ተነሥታ ወደ እኔ ስትመጣ እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ ይዛ ነበር፤ ደሙ በጣቶቿ ጫፍ ይንጠባጠባል። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ አላለቀሰችም። በትከሻዋ በሩን ቀስ አድርጋ እየገፋች በጠባቡ ገባች።

ስገባ የእምዬን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። የእምዬ ዓይን ተከፍቶ ነበር። ብዙ ቆይታ፣ ከሩቅ በሚመጣ ድምፅ፣ «ምነው የሺ፣ እጅሽን ምን ነካው?» አለቻት።

«ምንም አይደለም እምዬ። ድንጋይ ነው።»

«በየት በኩል መጣሽ?»

አክስቴ ፊቷን ወደ እናቷ ግንባር ዝቅ አደረገች።

ጎረቤቶች ቁልፉን በድንጋይ ሰብረው ገቡ። እምዬን በጋቢ አቅፈው አውጥተው በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዷት። አክስቴም እጇ እዚያው ተሰፋ፤ ሁለቱንም እስከ አንጓዋ ድረስ በፋሻ ጠቅልለው መለሷት። አባቴ ከሱቁ ሮጦ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው እነዚያን እጆች ነው። እናቱን ከማየቱ በፊት እኅቱ ፊት ቆሞ እጆቿን አየ።

እምዬ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ብዙ ግን አልቆየችም። ደምሌም ከመንገድ ደርሶ ሁሉም ያቺ ክፍል ውስጥ ገቡ። አባቴ ከራስጌ፣ አክስቴ ከግርጌ ይቀመጣሉ። አክስቴ የምትመጣው በእኛ በር ዞራ ነው፤ ያንን በር ከዚያ በኋላ እማዬ ቆልፋው አታውቅም። እናቴና አክስቴ ግን አሁንም ቃል አልተለዋወጡም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ቦታ ትለቃለች። እምዬ ስለ ግንቡ ዳግመኛ አላነሣችም። የሁሉንም ስም እየጠራች ነበር፤ ከልጅ ልጆቿ ጀምራ እስከ ደምሌ። ደምሌን ስትጠራው «ልጄ» ብላ ነው። ጎንበስ ብሎ እግሯን ሲስም አየሁት። አንድ ቀን ጠዋት፣ የቅዳሴ ደወል ተደውሎ ሲያበቃ፣ እማዬ እኔንና ሰብለን ከክፍሉ አስወጣችን። ከዚያ የአክስቴ ድምፅ ተሰማ።

የእድር ሰዎች ድንኳን ተሸክመው መጡ። በእኛ በኩል ዘረጉት፤ ግማሹ እንኳን አልተዘረጋም። ሰብስበው በአክስቴ በኩል ሞከሩ፤ እዚያም ሸራው ግንቡ ላይ ተቆለለ። አንዱ መንገድ ላይ እንትከለው አለ፤ ሌላው ከቤቷ አርቀን አናለቅስላትም አለ። የእድሩ ዳኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ድንኳኑን በእኛ በኩል አስቀመጡና ጥቅሉ ላይ ቁጭ አሉ። ማንንም አልወቀሱም። ቁጭ ብለው ጠበቁ።

አባቴ ከእምዬ ክፍል ወጣ። ድንኳኑን አየ። ከዚያ ግንቡን አየ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። እምዬ የጠየቀችው ድንኳን ይህ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ድግስ እንዳልነበረ፣ አዲስ ጫማ እንደማይገዛልን፣ አባቴ ያን ቀን ምሳ ያልበላው ደክሞት እንዳልሆነ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ።

አባቴ ማድ ቤት ገብቶ ድጅኖ ይዞ ወጣ። ኮቱን እንኳን አላወለቀም። መጀመሪያ ጠርሙሱን መታው፤ ስባሪው ጌሾው ላይ ረገፈ። ሁለተኛውን ሲመታ ከግንቡ ወዲያ ሌላ ድጅኖ ሲመታ ተሰማ። ደምሌ ነበር። አልተጣሩም፣ አልተነጋገሩም። አንደኛው ከዚህ ይመታል፣ ሌላኛው ከዚያ፤ የደረቀው ጭቃ እንደ ዱቄት ይነሣል። ከዚያ የእድር ሰዎች ጋቢያቸውን አስቀምጠው ድንጋይ መቀበል ጀመሩ። ቀዳዳው ሲሰፋ ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ደምሌ ላቡን በክንዱ ጠረገና ወደ አባቴ አንድ እርምጃ ተራመደ። አባቴ ድጅኖውን ጣለና አንገቱን አቅፎ አለቀሰ።

ግንቡ እስከ ጉልበት ሲወርድ የእድሩ ዳኛ ይበቃል፣ ይህ ለለቀስተኛ መቀመጫ ይሆናል አሉ። ድንኳኑ ከላዩ ተተከለ። ሸራው የሁለታችንንም ግቢ ሸፈነ፤ የእምዬ በርም መስኮትም ከሥሩ ሆኑ። ከቀብር መልስ ሰዉ በዚያ አጭር ግንብ ላይ ግራና ቀኝ ተቀመጠ። ድንጋዩን ማንም መልሶ አልካበውም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤት እንጀራና ምስር ወጥ ይዞ መጣ፤ ለሁሉም ቀረበ። አክስቴ አልበላችም። ሰዎች ኀዘኑ ነው አሉ፤ አስገድደው እንዳያስጨንቋት ተዉአት። ትሪው ፊቷ እንዳለ፣ የተጠቀለሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ መሬት ታያለች።

እማዬ ከድንኳኑ ጫፍ ሆና ስታያት ነበር። ተነሥታ እጇን ታጠበች። መጥታ ግንቡ ላይ ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጠች፤ እንጀራውን ቆርሳ፣ በወጥ ጠቅልላ ወደ አፏ አቀረበችላት። አክስቴ ቀና ብላ አየቻት። ከንፈሯ ተዘግቶ ቆየ። እማዬ እጇን አልመለሰችም። በመጨረሻ አክስቴ አፏን ከፈተች። እማዬ እስኪበቃት ድረስ አጎረሰቻት፤ በነጠላዋ ጫፍም አፏን ጠረገችላት።

«አንቺስ በላሽ?» አለች አክስቴ።

እማዬ አልበላሁም እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። አክስቴ እጇን ማንሣት ስላልቻለች ትሪውን በክንዷ ወደ እናቴ ገፋችው።